ከታፔላ እስከ ማኅተም፦ ለንግድ ቤት የሚሠራ ዓርማ እንዴት ይቀረጻል?

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተጉዞ ደብረ ብርሃን የገባ ሰው፣ ከመኪናው ሳይወርድ የመንገዱን ግራና ቀኝ ታፔላዎች ቢመለከት ፀሐይ፣ ጮራ፣ ሻማ ወይም አምፖል የተሣለባቸውን ደጋግሞ ያገኛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የከተማዋ ስም ብርሃን ነው፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከተማዋን ሲቆረቁሩ በሰማይ ስለታየው ብርሃን የሚነገረውም ታሪክ በአገሬው ዘንድ የታወቀ ነው። ስለዚህ የቀለም መሸጫውም፣ ጥርስ ሐኪሙም፣ ዱቄት ፋብሪካውም ፀሐይ ያስሥላል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምንም አይወጣለትም፤ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ደንበኛው የትኛው የማን እንደሆነ ይጠፋበታል።

በመንዝ ደጋ የተለያየ ሰው በጎች በወል ግጦሽ ላይ ሲቀላቀሉ ባለቤት የራሱን የሚለየው በጆሯቸው ላይ ባደረገው ምልክት ነው። ምልክቱ በግ መሆናቸውን አይናገርም፤ እሱንማ ማንም ያያል። የሚናገረው የማን እንደሆኑ ብቻ ነው። በተለምዶ ሎጎ የምንለው የንግድ ዓርማ ሥራውም ይኸው ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ የሚቀርቡት ምክሮች በሙሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ የሚመነጩ ናቸው። ዳቦ ቤት ዳቦ እንደሚሸጥ ከመደርደሪያው ይታወቃል፤ ዓርማው ሊመልስ የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከጎረቤቱ ዳቦ ቤት በምን ይለያል?

ከመሣል በፊት

ሥራው በኮምፒዩተር ፊት ሳይሆን በእግር ይጀምራል። ዓርማው የሚሰቀልበትን መንገድ ከላይ እስከ ታች ይሂዱ፤ በተመሳሳይ ንግድ ላይ ያሉ ቤቶችን ታፔላ፣ ከረጢትና የመኪና ላይ ጽሑፍ በስልክዎ ያንሱ። ሸቀጥዎ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ በዚያ መደርደሪያ ላይ ምን ምን እንደተደረደረ ይመልከቱ። ፎቶዎቹን በአንድ ገጽ ላይ ደርድረው ሲያዩአቸው ሦስት ነገሮች ወዲያውኑ ይወጣሉ፤ ሁሉም የተጠቀሙበት ቀለም፣ ሁሉም የሣሉት ሥዕልና ሁሉም የመረጡት የፊደል ዓይነት። እነዚህን ሦስቱን በወረቀት ላይ ይጻፉና በእርስዎ ዓርማ ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ እንዳይገቡ ይወስኑ። ይህች ግማሽ ቀን የማትሞላ ሥራ ከብዙ ሳምንት ንድፍ የበለጠ ዋጋ አላት ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ደንበኛው ነው፤ «ምን ዓይነት ዓርማ ትወዳለህ?» ተብሎ ግን አይጠየቅም። እንዲህ ሲባል ሰው ሁሉ ያየውን ይመልሳል። የሚጠቅመው ጥያቄ «ይህን ቤት ለማያውቅ ሰው እንዴት አድርገህ ትጠቁመዋለህ?» የሚለው ነው። «ቀዩ በር ያለው» ወይም «ትልቁ ምጣድ ከደጁ የቆመው» የሚል መልስ ደጋግሞ ከመጣ፣ ሕዝቡ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለቤቱ ዓርማ አውጥቶለታል ማለት ነው። በሩን ትቶ ፀሐይ የሚያስሥል ነጋዴ በእጁ ያለውን መታወቂያ ጥሎ ሌላ ፍለጋ ይወጣል።

ሦስተኛው ዝግጅት ዓርማው የሚያርፍባቸውን ነገሮች በሙሉ መዘርዘር ነው። በአካባቢያችን ላለ መካከለኛ ንግድ ዝርዝሩ አብዛኛውን ጊዜ ታፔላን፣ ክብ ማኅተምን፣ ደረሰኝን፣ ማዳበሪያን ወይም የወረቀት ከረጢትን፣ የሠራተኛ ልብስ ላይ ጥልፍን፣ የመኪና በርን፣ ቲክቶክንና ቴሌግራምን ይይዛል። ከእነዚህ መካከል ለሥዕል የሚያስቸግረው የትኛው እንደሆነ ይለዩ፤ ዓርማው የሚነደፈው በትልቁና በሚያምረው ታፔላ ልክ ሳይሆን በዚያ በአስቸጋሪው ልክ ነው። ለምን እንደሆነ ወደኋላ ላይ በራሴ ጥፋት አስረዳለሁ።

ፊደሉ ራሱ ዓርማ ሊሆን ይችላል

ብዙ ሰው ዓርማ ሲባል ሥዕል ብቻ ይመስለዋል። ኮካ ኮላ ግን ዓርማው የስሙ አጻጻፍ ብቻ ነው፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1886 የጻፈው ፍራንክ ሮቢንሰን የተባለ የድርጅቱ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ የተጠቀመበትም በዘመኑ ለደብዳቤና ለመዝገብ የተለመደውን የእጅ ጽሕፈት ነው። በአገራችን ጠርሙስ ላይ ያንኑ የመጠምዘዝ ጠባይ ወርሶ በአማርኛ ፊደል ተጽፎ ስናየው፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ከሩቅ ይለየዋል። ስሙ አጭር ለሆነ ንግድ፣ ማለትም ከሁለት እስከ አምስት ፊደል ላለው፣ ሥዕል ከመፈለግ አስቀድሞ ስሙን ራሱን መሥራት ይሻላል።

የግዕዝ ፊደል ግን የራሱ ሕግ አለው፤ ከላቲን ፊደል የተቀዳ የንድፍ ምክርም ሁልጊዜ አይሠራለትም። የመጀመሪያው ልዩነት የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል የሌለው መሆኑ ነው። በላቲን የሚጽፍ ሰው ስሙን በትልልቁ ፊደል ብቻ ጽፎ ክብደት ሊሰጠው ይችላል፤ በአማርኛ ክብደት የሚመጣው ከመስመሩ ውፍረት፣ ከመጠኑና በፊደላቱ መካከል ከሚተወው ክፍተት ነው። ስሙ በሁለቱም ፊደላት ጎን ለጎን ወይም ከላይና ከታች የሚጻፍ ከሆነ፣ በሶፍትዌሩ ውስጥ ሁለቱንም በአንድ የቁጥር መጠን ማስቀመጥ አይበቃም። የአማርኛው ፊደል ከላቲኑ ትንንሽ ፊደላት ጎልቶ ስለሚታይ፣ ቁጥሩን ትተው ዓይንዎ እኩል እስኪያያቸው ድረስ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ ያድርጉ።

ሁለተኛው ጉዳይ የእርባታ ምልክቶች ናቸው። አንድ ፊደል በሰባት መልክ ሲለዋወጥ ልዩነቱን የሚይዙት ከወገብ ወይም ከእግር የሚወጡ ትናንሽ ቅጥያዎችና ቀለበቶች ናቸው፤ ጽሑፉ ባነሰ ቁጥር አስቀድመው የሚጠፉትም እነዚሁ ናቸው። የ«ቤ» ቀለበት በቀለም ሲሞላ ከ«ቢ» ጋር ይቀላቀላል፤ «ሱ» እና «ሲ»ም በአነስተኛ መጠን ከሩቅ አይለዩም። ስለዚህ ለዓርማ የሚሆን ፊደል ሲሠራ ቀለበቶቹ ከተለመደው በመጠኑ ይሰፋሉ፣ ቅጥያዎቹም ይረዝማሉ። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላም ነገር አለ። የጥንት ጸሐፍት በብርዕ የጻፉትን የብራና ጽሕፈት የሚከተሉ ፊደላት ቋሚ መስመራቸው ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ነው። በብራና ላይ ይህ ውበት ነው፤ በጎማ ማኅተም ላይ ግን አግዳሚው ሳያርፍ ይቀርና «በ» ሁለት የቆሙ እንጨቶች ብቻ ይሆናል። የብራናውን ጠባይ ከወደዱ ይያዙት፤ አግዳሚውን ግን ያወፍሩት።

ይህን በአንድ ምሳሌ ቀረብ አድርገን እንየው። ቆሎ አሽጎ ለመንገደኛ የሚሸጥ ሰው ዓርማ ሊሠራ ተነሣ እንበል። መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ የገብስ ዛላ መሣል ነው፤ ይህንኑ ዛላ ግን ዱቄት ፋብሪካውም፣ ዳቦ ቤቱም፣ ቢራ ጠማቂውም ይፈልጉታል። አሁን «ቆሎ» የሚለውን ቃል ራሱን በወፍራም እርሳስ በትልቁ ይጻፈው። ሁለቱም ፊደላት ሳብዕ፣ ማለትም ሰባተኛው መልክ፣ ስለሆኑ ሁለቱም ትንሽ ቀለበት አላቸው፤ የ«ቆ» ዋና አካል ደግሞ ራሱ ክብ ነው። እነዚያን ሁለት ትንንሽ ቀለበቶች ከክብነት ወደ ሞላላነት ለወጥ አድርጎ፣ አንደኛውን ጫፍ ሹል ቢያደርገው የገብስ ፍሬ ይወጣዋል። ሌላ ሥዕል አያስፈልግም። ያነበበው ሰው ቆሎ ይላል፤ ያላነበበውም ፍሬዋን ያያል። በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ፍሬው ሙሉ በሙሉ በቀለም እንዳይሞላ መካከሉ ክፍት መተው አለበት፣ አለዚያ ፊደሉ የተበላሸ ይመስላል። እኔ እንዲህ ያለውን ሥራ በወረቀት ላይ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ያህል ሳልጽፈው ወደ ኮምፒዩተር አልሄድም፤ እጅ በስሕተት የሚያወጣውን ጥምዝ ማሽን በራሱ አያወጣውምና።

ስለ ተዘጋጁ የፊደል ዓይነቶች፣ ፎንት ስለምንላቸው፣ ጥቂት ልበል። ከዊንዶውስ ጋር ሲመጣ የኖረው ኒያላ ለደብዳቤ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከተማው ሁሉ የጻፈበት ስለሆነ ስምን በኒያላ ጽፎ ዓርማ ነው ማለት መለየት አይሆንም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ሲል በነፃ ፈቃድ የወጡ ስለሆኑ ለንግድ ሥራም ያለ ክፍያ ይሠራባቸዋል፤ እነሱን መነሻ አድርጎ ፊደሎቹን በእጅ ማሻሻል ጥሩ መንገድ ነው። ሌሎቹን ከመጠቀምዎ በፊት ፈቃዳቸውን ያንብቡ። በጽሑፍ ትእዛዝ ምስል የሚያወጡ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎችን በተመለከተ፣ ለሐሳብ ማመንጫ ቢጠቅሙም የአማርኛ ፊደል ሲጽፉ በፊደል ገበታ ላይ የሌለ ነገር ደጋግመው ስለሚፈጥሩ፣ ያወጡትን ሳያርሙ ታፔላ ማስጻፍ ለሳቅ መጋለጥ ነው።

ሥዕል የግድ ካስፈለገ

ስሙ ረጅም ከሆነ ወይም ሸቀጡ ማንበብ ወደማይችል ገዢ የሚሄድ ከሆነ ሥዕል ያስፈልጋል። ሰሜን ሸዋ ለሥዕል ድኻ አይደለም፤ የጓሳ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ፣ የመንዝ በግ፣ የአንኮበር ተራራ፣ የጣርማ በር ገደል፣ ባና እና ዝተት የተባሉት የሱፍ ልብሶች ሁሉም በእጅ ናቸው። ችግሩ ሁሉም የሁሉም መሆናቸው ነው። ስለዚህ ነገሩን እንዳለ ከመሣል ይልቅ ከነገሩ አንድ ነገር ብቻ መውሰድ ይሻላል። ከጭላዳ ሙሉ አካሉን ሳይሆን በደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ብቻ፣ ከባናም ልብሱን ሳይሆን የሽመናውን መስመር ብቻ ቢወስዱ፣ ያገሬው ሰው ወዲያው ያውቀዋል፤ ባዕዱም ቢሆን ቅርጹን ይይዘዋል፤ ቅርጹም በጥቂት መስመር ያልቃል።

ሁለት ነገሮችን እንዲተዉ እመክራለሁ። አንደኛው የሃይማኖት ምልክት ነው። በሸዋ ሮቢትም ሆነ በአጣዬ ገበያ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ሱቅ ይገዛል፤ በዓርማው ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ የሚያስቀምጥ ነጋዴ ሳያስበው ከገዢው ግማሹን ሌላ በር ያሳየዋል። ሁለተኛው የሰንደቅ ዓላማና የመንግሥት ምልክት ነው፤ ይህ ከጣዕም በላይ የሕግ ጉዳይም ስለሆነ የንግድ ምልክት ሲመዘገብ ውድቅ ያስደርጋል። የተጨባበጡ እጆች፣ የዓለም ሉልና ወደ ላይ የሚወጣ ቀስት ደግሞ ሕግ ባይከለክላቸውም ስንት ቤት እንዳሉ ያነሡትን ፎቶ መልሰው ሲያዩ ይረዱታል።

ቀለም በመጨረሻ

ቀለም ስሜት ስለሚያታልል መጨረሻ ላይ ይምጣ። ዓርማው በጥቁርና በነጭ ብቻ ተሠርቶ የማይቆም ከሆነ ቀለም አያድነውም። ማኅተም አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ የሒሳብ መመዝገቢያ ማሽን ደረሰኝም ጥቁር ብቻ ነው። ጥቁሩ ካማረ በኋላ አንድ ዋና ቀለምና ቢበዛ አንድ አጋዥ ይምረጡ፤ ምርጫውም ባለቤቱ ከሚወደው ሳይሆን ጎረቤቶች ካልያዙት ይሁን። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሐምራዊና ወርቃማ ቀለሙን ለረጅም ዘመን ስለያዘ፣ ጽሑፉን ሳናነብ ከመንገድ ማዶ ቅርንጫፉን እንለየዋለን። አንድ ቀለም ይህን የሚያህል ሥራ የሚሠራው ግን ሳይለዋወጥ ሲቆይ ብቻ ነው።

የአየሩን ጠባይም አይርሱ። በጣርማ በር ጉም ሲወርድ ግራጫና ሰማያዊ ታፔላ ከአየሩ ጋር ይዋሐዳል፤ በዚያ የሚሰቀል ጽሑፍ በጥቁር መደብ ላይ ቢጫ ወይም በነጭ መደብ ላይ ጥቁር ዓይነት ጠንካራ ልዩነት ይፈልጋል። ከደጋው ወርደው ቆላው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ጠላቱ ፀሐይ ነው። በተለመደው ሕትመት ቀይና ቢጫ ቀለሞች ከሰማያዊውና ከጥቁሩ ቀድመው ስለሚለቁ፣ ከሁለቱ የተቀመመ ደማቅ ቀይ ስቲከር ከጊዜ በኋላ ወደ ሐመር ይሄዳል። በስልክ ስክሪን ላይ ዓይን የሚወጋው አረንጓዴ ወይም ሰማያዊም በወረቀት ላይ ደብዝዞ እንደሚወጣ አስቀድመው ይወቁ። ስክሪን ቀለሙን በብርሃን ሲሠራ ማተሚያ ቤቱ በቀለም ስለሚቀምመው፣ ሁለቱ ፈጽሞ አንድ አይሆኑም። ስለዚህ ቀለሙን ከመወሰንዎ በፊት በትክክለኛው ወረቀት ወይም ጨርቅ ላይ ትንሽ ናሙና ያሳትሙ።

ዓርማውን የሚፈትነው ማዳበሪያ ነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሶና ገብስ ለሚያዘጋጅ አንድ ሰው ዓርማ ሠራሁ። የገብሱን ዛላ በጸጉር በቀጠኑ መስመሮች ሣልኩት፤ ቀለሙንም ከጥቁር አረንጓዴ ወደ ቢጫ ቀስ እያለ እንዲሸጋገር አደረግሁት። በኮምፒዩተሬ ላይ ነፋስ የሚያወዛውዘው ይመስል ነበር፤ ባለቤቱም አይቶ እጄን ጨበጠኝ። ከዚያ ሦስት መቶ ማዳበሪያ ታተመ። የማዳበሪያ ጨርቅ ሽመናው ሸካራ ስለሆነ ቀለሙ በክሮቹ መካከል ይሰርጋል፤ መስመሮቹ እርስ በርስ ተያያዙ፣ ሽግግሩም ነጠብጣብ ሆነ። ገበያ ላይ አንዲት እናት ማዳበሪያውን አይተው «ምን ፈሶበት ነው?» ብለው ጠየቁ። ማተሚያ ቤቱ ያዘዝኩትን ነበር ያተመው፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሁለተኛውን ሕትመት ከኪሴ ከፈልኩ፤ ዛላውንም ወደ አምስት ወፍራም ፍሬዎች ቀነስኩት፤ ዛሬም የሚሠራበት እሱው ነው።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ዓርማ ሳላስረክብ በፊት የማደርገው ፈተና ይህ ነው። በመጀመሪያ በወረቀት ላይ የአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል መጠን አትመዋለሁ፤ በክንድ ርቀት ይዤ ካልተነበበ ይመለሳል። ቀጥሎ ያንኑ ወረቀት በፎቶ ኮፒ ማሽን አባዛለሁ፣ ቅጂውንም መልሼ አባዛለሁ፤ በሦስተኛው ቅጂ ላይ የጠፋ መስመር ካለ ቀድሞውኑ የቀጠነ ነበር። ከዚያ የቴሌግራም ገጽ ምስል አድርጌ አስቀምጠዋለሁ፤ እዚያ ምስሉ ክብ ሆኖ ስለሚቆረጥ ጎንና ጎን የተዘረጋ ዓርማ ጆሮና እግሩን ያጣል። ለዚህ ሲባል ከሙሉው ዓርማ ጎን በክብ ወይም በካሬ ውስጥ የሚገባ አጭር ቅርጽ፣ ለምሳሌ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ የያዘ፣ አብሮ ይዘጋጃል። ድረ ገጽ ያለው ንግድ ደግሞ በድረ ገጽ መክፈቻው (ብራውዘር) ላይ የምትታየው ምልክት 16 በ16 ፒክሰል (የስክሪን ነጥብ) ብቻ ልትሆን እንደምትችል ያስታውስ፤ በዚያ መጠን ከአንድ ፊደል በላይ አይገባም።

ማኅተሙ ለብቻው ይታሰብ። ክቡ ጠርዝ በድርጅቱ ስም ስለሚያዝ ለዓርማው የሚቀረው መካከሉ ብቻ ሲሆን፣ እሱም የአንድ ብር ሳንቲም ያህል እንኳ ላይሆን ይችላል። ማኅተም ቀራጩ ዘንድ ሲሄዱ አጭሩን ቅርጽ ይስጡት። ጥልፍም እንዲሁ ነው፤ ክር ከመስመር ይወፍራልና በጋዋን ደረት ላይ የሚጠለፍ ዓርማ ስሙን በትንንሽ ፊደል ሊይዝ አይችልም።

የመጨረሻው ፈተና ሰው ነው። ዓርማውን ለማያውቅ ሰው ለአምስት ሰኮንድ ያህል አሳዩትና ሸፍኑት፤ ከዚያ ያየውን በእርሳስ እንዲሥል ጠይቁት። ሥዕል መቻል አያስፈልገውም። የሣለው ነገር ከዓርማው ዋና ቅርጽ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ሥራው አልቋል፤ «ብዙ ነገር ነበረው፣ ትዝ አይለኝም» ካለ ግን ከዓርማው ውስጥ ገና የሚወጣ ነገር አለ። ለዘመድ አይታይም፤ ዘመድ ሁሉንም ያምራል ይላል።

ሲረከቡ የሚቀበሉት ፋይል

ብዙ ነጋዴ ዓርማውን የሚረከበው በቴሌግራም በተላከ አንድ ፎቶ ነው። ከዓመት በኋላ ትልቅ ታፔላ ሊያሠራ ሲሄድ ፎቶው ሲለጠጥ ይሰባበራል፤ ያኔ ነዳፊው አገር ለቋል ወይም ኮምፒዩተሩ ተበላሽቷል። ዓርማ መሠራት ያለበት ቬክተር በሚባለው ስልት ነው። በዚህ ስልት ምስሉ የነጥብ ጥርቅም መሆኑ ቀርቶ የመስመርና የጥምዝ ስሌት ስለሚሆን፣ እስክርቢቶ ላይም ሆነ ሕንፃ ላይ እኩል ጥራት ይኖረዋል። ኢለስትሬተርና ኮረል ድሮው የተባሉት ሶፍትዌሮች በክፍያ፣ ኢንክስኬፕ ደግሞ በነፃ ይህን ይሠራሉ፤ በፎቶሾፕ ብቻ የተሠራ ዓርማ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ አይበቃም።

ስለዚህ ሲረከቡ ኤስቪጂ ወይም ፒዲኤፍ የሆነ ቬክተር ፋይል፣ መደቡ የሌለው ፒኤንጂ የተባለ የምስል ፋይል፣ ጥቁርና ነጭ ቅጂ፣ አጭሩ ቅርጽ፣ እንዲሁም የቀለሞቹ ቁጥር ለስክሪንና ለሕትመት ለየብቻ የተጻፈበት ወረቀት ይጠይቁ። በአማርኛ የተጻፈ ዓርማ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር የግድ ነው፤ ፊደሎቹ ወደ ቅርጽ መለወጥ አለባቸው። ይህ ካልተደረገና የማተሚያ ቤቱ ኮምፒዩተር ያንኑ ፎንት ካልያዘ፣ በተለይ ዩኒኮድ (ዓለም አቀፉ የፊደላት ኮድ) ባልሆኑት በቆዩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ፣ ስምዎ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይከፈታል። ኮረል ድሮው ላይ የሚሠሩ ልጆች «ከርቭ አርገው» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ እርስዎም ሲረከቡ «ከርቭ ሆኗል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ክፍያው ከመጠናቀቁ በፊትም ዓርማውን የመጠቀም፣ የማሻሻልና የማስመዝገብ መብት ወደ እርስዎ መተላለፉን የሚገልጽ አንድ ገጽ ስምምነት ሁለታችሁም ፈርሙበት። በቃል የተባለው ንግዱ ያደገ ዕለት ይረሳል።

ማስመዝገብ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት ነገሮችን ያምታታል። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አሰጣጥ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የንግድ ስምን ማስመዝገብ አንድ ነገር ነው፤ ዓርማውን እንደ ንግድ ምልክት ማስመዝገብ ሌላ ነው። ሁለተኛው የሚከናወነው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ነው። የንግድ ፈቃድ ግድግዳው ላይ የሰቀለ ሰው ዓርማው የተጠበቀለት ሊመስለው ይችላል፤ አልተጠበቀለትም።

ምዝገባው የሚደረገው በሸቀጥና በአገልግሎት ምድብ ነው። በዓለም አቀፉ የኒስ ምደባ 45 ምድቦች ሲኖሩ የመጀመሪያዎቹ 34 የሸቀጥ፣ የቀሩት 11 የአገልግሎት ናቸው። ለምሳሌ ብርድ ልብስ 24ኛ፣ ልብስ 25ኛ፣ ከእህል የተዘጋጀ ምግብ 30ኛ፣ አረቄ ደግሞ 33ኛ ምድብ ላይ ይወድቃሉ። ዛሬ ቆሎ ብቻ የሚሸጥ ሰው ነገ ሊገባበት ያሰበውን ንግድ አስቀድሞ ቢያስብ ይጠቀማል።

ሕጉም ራሱ ከመነሻችን ላይ ያቆመናል። የንግድ ምልክት ተብሎ የሚመዘገበው አንዱን ሸቀጥ ከሌላው የሚለይ ነገር ነው። የሸቀጡን ዓይነትና የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚናገር ስም፣ «የደብረ ሲና ቆሎ» እንደሚለው ያለ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ሊሰጥ ያስቸግራል፤ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ የሚሸጠው እሱ ብቻ አይደለምና። ስለዚህ ስሙ የወል ቢሆን እንኳ አጻጻፉ፣ ቅርጹና አደራደሩ የግል መሆን አለበት። ከማመልከትዎ በፊት የሚመሳሰል ምልክት ቀድሞ ተመዝግቦ እንደሆነ ያስመርምሩ፤ ማዳበሪያ ከማሳተም በፊት እንጂ በኋላ አይሁን።

የተመዘገበ ምልክት ጥበቃ የሚጸናው ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን አንሥቶ ለ7 ዓመት ሲሆን፣ በየ7 ዓመቱ ሊታደስ ይችላል። ሰባት ዓመት ረጅም ስለሆነ ይረሳል። የሚታደስበትን ቀን በትልቁ ጽፈው ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የንግድ ፈቃድ ጎን ይለጥፉት።